በሽታው ስም ሳይወጣለት፦ የነርሶች የወረርሽኝ ዝግጁነትና የመለኪያው ችግር

የነርሶችን የወረርሽኝ ዝግጁነት የሚመረምሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ መንገድ ይከተላሉ። በአንድ ወይም በጥቂት ሆስፒታሎች የሚሠሩ ነርሶች በዕጣ ይመረጣሉ፤ መጠይቅ ይታደላቸዋል፤ ስለ በሽታው መተላለፊያ መንገዶች፣ ስለ መከላከያ አልባሳት አጠቃቀምና ስለ እጅ ንጽሕና ያላቸው ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር በነጥብ ይመዘናል። ከአማካዩ በላይ ያገኙት «ዝግጁ»፣ ከዚያ በታች የሆኑት «ዝግጁ ያልሆኑ» ተብለው ይመደባሉ። ቀጥሎ ከውጤቱ ጋር ተያያዥነት የታየባቸው እንደ ሥራ ልምድ፣ የትምህርት ደረጃና ሥልጠና ያሉ ጉዳዮች ተዘርዝረው፣ ተጨማሪ ሥልጠና እንዲሰጥ በሚል ምክረ ሐሳብ ጥናቱ ይጠናቀቃል።

እንዲህ ያለው ጥናት ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። የዕውቀት ክፍተት የት እንዳለ ያሳያል፤ በአነስተኛ ወጪም ይሠራል። ይሁን እንጂ አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለበት፤ መጠይቁ የሚጀምረው በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው። አንዲት ነርስ «የኢቦላ ቫይረስ በምን በምን መንገድ ይተላለፋል?» ተብላ ስትጠየቅ የበሽታው ስም አስቀድሞ ተሰጥቷታል። በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ግን ስሙን የሚነግራት የለም። የሚመጣላት ትኩሳት ያለበት፣ የሚያስል፣ የሚያስመልሰው ወይም የደከመ ሰው ነው፤ በዚያው ዕለት እንደ እርሱ ያሉ ሌሎች በርካታ ሕሙማን መጥተዋል፤ የአብዛኞቹም ሕመም የተለመደ ነው። በሆስፒታል ውስጥ የተስፋፉ በርካታ ወረርሽኞች ከባዱን ጉዳት ያደረሱት በሽታው ገና ስም ባላገኘበት፣ ወይም ደግሞ አልፏል ተብሎ በታመነበት ጊዜ መሆኑን ስናስተውል፣ በመጠይቅ የሚለካው ዝግጁነት ከሚፈለገው ዝግጁነት ምን ያህል እንደሚርቅ ግልጽ ይሆናል። ይህን ልዩነት በሚገባ ከሚያሳዩ ማስረጃዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ የተከሰተው የሳርስ ወረርሽኝ ነው።

አንድ ቀን፣ ሁለት ከተሞች

በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ከቻይና የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የመጣ አንድ የታመመ ሐኪም በሆንግ ኮንግ ሜትሮፖል ሆቴል አረፈ። በሆቴሉ ያረፉ ሌሎች እንግዶች ከእርሱ በተላለፈባቸው ቫይረስ ተያዙ፤ ከዚያም ወደ ሲንጋፖር፣ ወደ ሃኖይና ወደ ካናዳ ተበተኑ። ለካናዳ ሁለት ሰዎች ደረሷት። አንደኛዋ ወደ ቶሮንቶ የተመለሱ አረጋዊት እናት ሲሆኑ፣ ሳይመረመሩ በማርች 5 ቀን በቤታቸው አረፉ። ሁለተኛው ደግሞ በማርች 7 ቀን ቫንኩቨር የደረሰ መንገደኛ ነው። በዚሁ በማርች 7 ቀን የአረጋዊቷ ልጅ ታሞ በቶሮንቶ ወደሚገኝ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄደ። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በማርች 12፣ «ሳርስ» የሚለውን ስም ይፋ ያደረገው ደግሞ በማርች 15 ቀን ነው። ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች በሽተኞቹን የተቀበሉት ነርሶች ሊያውቁት የሚችሉት የበሽታ ስም አልነበረም።

በቫንኩቨር መንገደኛው በደቂቃዎች ውስጥ ከጋራ መጠበቂያው ወጥቶ ለብቻው ወደ አንድ ክፍል ተወሰደ። የሚንከባከቡት ባለሙያዎች ጭንብል አደረጉ፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም በአየር ለሚተላለፍ በሽታ የሚደረገው ሙሉ ጥንቃቄ ተግባራዊ ሆነ። ከዚህ ሕመምተኛ ወደ አንድም የጤና ባለሙያ በሽታው አልተላለፈም። በቶሮንቶ ግን ልጁ በድንገተኛ ክፍሉ የጋራ መከታተያ ውስጥ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ለበርካታ ሰዓታት ቆየ። ትንፋሽ ስላጠረውም ኔቡላይዘር በሚባለው፣ ፈሳሽ መድኃኒትን ወደ ጉም ለውጦ በትንፋሽ በሚያስገባ መሣሪያ ታከመ። ይህ መሣሪያ ከበሽተኛው የሚወጡትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች በአካባቢው አየር ውስጥ የመበተን ዕድል ስላለው ጉዳዩን አባባሰው። በአቅራቢያው የነበሩ ሕሙማን ተያዙ፤ እነርሱም በተራቸው ወደ ሌሎች ክፍሎችና ሆስፒታሎች ይዘውት ሄዱ።

ውጤቱ እጅግ የተራራቀ ነበር። በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር 375 ሰዎች በሳርስ መያዛቸው ተረጋገጠ ወይም ተጠረጠረ፤ 44 ሰዎች ሞቱ። ከተያዙት ከሦስት አራተኛ ጥቂት የሚያንሱት በሽታው ያገኛቸው በጤና ተቋማት ውስጥ ነበር። ከሞቱት መካከል ሁለት ነርሶችና አንድ ሐኪም ይገኙበታል። ቫንኩቨር በምትገኝበት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግን በሽታው የተላለፈባት የጤና ባለሙያ አንዲት ነርስ ብቻ ስትሆን፣ በበሽታው የሞተ ሰው አልነበረም።

ልዩነቱን በዕውቀት ማስረዳት አይቻልም። በማርች 7 ቀን ስለ ሳርስ ፈተና ቢሰጥ ኖሮ የሁለቱም ከተሞች ነርሶች እኩል ይወድቁ ነበር። በዳኛ አርቺ ካምቤል የተመራውና ወረርሽኙን የመረመረው የኦንታሪዮ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ባጠናቀቀው ሪፖርቱ ሁለቱን ከተሞች አነጻጽሮ፣ የቫንኩቨር ብልጫ ከአሠራር የመነጨ መሆኑን አመልክቷል። በዚያ የክፍለ ሀገሩ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በየካቲት ወር፣ ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ የሚመለሱና ከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም የያዛቸው ሰዎች በጥንቃቄ እንዲታዩ ለሆስፒታሎች አሳስቦ ነበር። ከዚህም በላይ በሆስፒታሉ ሥር የሰደደ ልማድ ነበር፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ የመተንፈሻ ሕመም ሲያጋጥም ከከፍተኛው ጥንቃቄ መጀመር፣ ምርመራው ነገሩ ቀላል መሆኑን ካሳየ ደግሞ ጥንቃቄውን ደረጃ በደረጃ መቀነስ። ብዙ ተቋማት የሚሠሩት በተቃራኒው ነው፤ ማስረጃ እስኪገኝ በትንሹ ጥንቃቄ ይቆያሉ፤ ማስረጃው ሲመጣም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በታመመ ነርስ መልክ ነው።

እዚህ ላይ ለቶሮንቶ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የቫንኩቨሩ ታካሚ ራሱ ከጉዞ የተመለሰ ስለነበር «ከየት መጣህ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው መልስ ነበረው። የቶሮንቶው ልጅ ግን ከአገር አልወጣም፤ የተጓዙት እናቱ ነበሩ፤ እርሳቸውም አርፈዋል። ሐኪሞቹ የጠረጠሩት ሳንባ ነቀርሳን ነበር፤ ግምቱም ከአእምሮ የራቀ አልነበረም። ኮሚሽኑ ራሱ ለቫንኩቨር ዕድልም እንደረዳት አልሸሸገም። ቢሆንም ሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረበት ሰው ራሱ ተለይቶ መቆየት የሚገባው በመሆኑ፣ የምርመራ ግምቱ ስሕተት መሆኑ ብቻውን ለደረሰው ጉዳት ማብራሪያ አይሆንም። ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ለጥናት ጥያቄም ይበጃል፤ ወሳኙ ነርሷ በሽታውን ማወቋ ሳይሆን፣ ሳታውቀውም የምትወስደው የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ያልተደመጠው ማስጠንቀቂያ

የቶሮንቶ ወረርሽኝ ሁለተኛ ምዕራፍ ለነርሲንግ ጥናት ከመጀመሪያው ይልቅ አስተማሪ ነው። በሜይ ወር 2003 መጀመሪያ አዳዲስ በሽተኞች መታየታቸው ቆመ። የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 14 ቀን ቶሮንቶን በቅርቡ የበሽታው ሥርጭት ከታየባቸው ቦታዎች ዝርዝር አወጣት፤ የኦንታሪዮ መንግሥትም በሜይ 17 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አነሣ። በሆስፒታሎች ውስጥ የጭንብልና የሌሎች መከላከያዎች አጠቃቀም ላላ። ይሁን እንጂ በኖርዝ ዮርክ ጄኔራል ሆስፒታል የሚሠሩ ነርሶች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በአጥንት ሕክምና ክፍል የተኙ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሳንባ ምች መታመም ጀምረው ነበር፤ በሌሎች ክፍሎችም ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሕሙማንና የቤተሰብ አባላት ታዩ። ነርሶቹ ሳርስ ተመልሶ ሊሆን ይችላል ሲሉ ሥጋታቸውን ለአለቆቻቸው ገለጹ። የተሰጣቸው ምላሽ የሚያረጋጋ ነበር፤ ሕሙማኑ ከታወቀ የሳርስ በሽተኛ ጋር ንክኪ ስለሌላቸው ሕመማቸው ሳርስ ሊሆን አይችልም ተባሉ። በሜይ 23 ቀን በሽታው መመለሱ ይፋ ሆነ። በሁለተኛው ዙር ከተያዙትም ብዙዎቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ።

በነርሶቹና በአለቆቻቸው መካከል የነበረው የአስተሳሰብ ልዩነት በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ባለሥልጣናቱ የሚያስቡት በወረርሽኝ ጥናት ሕግ መሠረት ነው፤ ንክኪ ከሌለ በሽታ የለም። ነርሶቹ ደግሞ የሚያስቡት አልጋ አጠገብ ባዩት ነገር ነው፤ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሳምንት፣ ያልተለመደ ቁጥር ያለው ትኩሳትና ሳል። የመጀመሪያው አስተሳሰብ ንክኪው ሁሉ ታውቋል የሚል ግምት አለበት፤ ይህ ግምት ሲሳሳት መላው ሕንጻ ይፈርሳል። ሁለተኛው በማስረጃ ደረጃ ደካማ ቢሆንም ቀዳሚ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ከሕሙማን ሳይለይ በፈረቃ የሚከታተለው የሙያ ዘርፍ ነርሲንግ በመሆኑ፣ ያልተለመደ ክምችት በመጀመሪያ የሚታየው ለነርሶች መሆኑ አያስደንቅም። ስለሆነም የአንድ ሆስፒታል ዝግጁነት አካል ሆኖ ሊቆጠር የሚገባው ነርሶቹ ምን ያህል ያውቃሉ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ያዩትን ሲናገሩ በስንት ሰዓት ውስጥ ምን ይደረጋል የሚለውም ነው።

ኮሚሽኑ ይበልጥ ያተኮረበት ሌላው ጉዳይ የጭንብል ነገር ነው። ኤን-95 የሚባለው ጭንብል የሚከላከለው ከፊት ጋር በሚገባ ሲገጥም ብቻ ነው፤ በጠርዙ አየር የሚያስገባ ከሆነ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ፊት የሚስማማው ዓይነትና መጠን በሙከራ መለየት አለበት። ኦንታሪዮ ውስጥ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት መከላከያ አያያዝና አጠቃቀም ሥልጠና እንዲሰጣቸው የሚያስገድድ ደንብ ከ1993 ጀምሮ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ ግን ብዙ ነርሶች ጭንብሉ ከፊታቸው ጋር መግጠም አለመግጠሙ ተሞክሮላቸው አያውቅም ነበር። ደንቡ በወረቀት ላይ ነበር፤ ጭንብሉም በመጋዘን ነበር። በሁለቱ መካከል መኖር የነበረበት የዕለት ተዕለት ሥራ ግን አልነበረም። በመጠይቅ «ኤን-95 መቼ ይደረጋል?» ተብለው ቢጠየቁ በትክክል የሚመልሱ ነርሶች በማይገጥም ጭንብል ይሠሩ እንደነበር ልብ ይሏል።

የነርሶች የቅጥር ሁኔታም በሥርጭቱ ላይ የራሱ ድርሻ ነበረው። በቶሮንቶ በርካታ ነርሶች በቋሚነት ሳይሆን በትርፍ ሰዓትና በተጠሩ ጊዜ በሁለትና በሦስት ሆስፒታሎች ይሠሩ ስለነበር፣ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች መከታተልም ሆነ የሰው ኃይል መመደብ አስቸጋሪ ሆነ። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ ወይም በዕረፍት ቀን በግል ክሊኒክ የሚሠሩ ነርሶች መኖራቸው የታወቀ ነው። ሆኖም በዝግጁነት መጠይቆች ውስጥ «በሌላ ተቋም ይሠራሉን?» የሚል ጥያቄ እምብዛም አይገኝም።

የተጠየቀው፣ የተመዘገበው፣ ያልተላለፈው

ከቶሮንቶ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ዳላስ ከተማ የሆነው ነገር ችግሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በሴፕቴምበር 2014 መጨረሻ ከላይቤሪያ የመጣ አንድ መንገደኛ ትኩሳት ይዞት ወደ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄደ። ነርሷ ከአፍሪካ መምጣቱን ጠይቃ በኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ላይ አሰፈረች። መረጃው ግን ውሳኔ የሚሰጠው ባለሙያ ዘንድ ትርጉም ባለው መልክ አልደረሰም፤ ታካሚው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ተላከ። ከቀናት በኋላ በአምቡላንስ ተመለሰ፤ ኢቦላ መሆኑ ታወቀ፤ በኦክቶበር 8 ቀንም ሞተ። ሲንከባከቡት ከነበሩት መካከል ሁለት ነርሶች ተያዙ፤ ሁለቱም ታክመው ዳኑ። እዚህ ነርሷ የሚጠበቅባትን ጥያቄ ጠይቃለች። የጎደለው ጥያቄውን ከእርምጃ ጋር የሚያስተሳስረው ሥርዓት ነው። በግለሰብ ዕውቀት መመዘኛ ብትለካ ሙሉ ነጥብ የምታገኝ ነርስ የምትሠራበት ሆስፒታል በተመሳሳይ ሰዓት ዝግጁ ሳይሆን ሊቀር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በምዕራብ አፍሪካ የተከፈለው ዋጋ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት፣ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች በኢቦላ የመያዝ ዕድላቸው እንደ ሥራ ዘርፋቸው ከሌላው አዋቂ ሕዝብ ከ21 እስከ 32 ጊዜ ይበልጥ እንደነበር፣ ከተያዙት ባለሙያዎችም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ነርሶችና ረዳት ነርሶች መሆናቸውን አመልክቷል። በሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 ይፋ የሆነው የማርበርግ ወረርሽኝ በአመዛኙ የያዘው በኪጋሊ ሆስፒታሎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎችን ነበር። በጠቅላላው 66 ሰዎች ተይዘው 15 ሞተዋል፤ ወረርሽኙም በዲሴምበር 20 ቀን ማብቃቱ ታውጇል። የሟቾቹ ቁጥር ለማርበርግ ከሚታወቀው አንጻር አነስተኛ ነው፤ የሩዋንዳ ሆስፒታሎች የጽኑ ሕሙማን ክብካቤ ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ያ ሁሉ አቅም ግን ሥራ ላይ የዋለው የበሽታው ስም ከታወቀ በኋላ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ወደ ኢትዮጵያ

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ፤ በኢትዮጵያ ሲታወቅ የመጀመሪያው ነው። ከተያዙት ሰዎች መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩበት። ማርበርግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያሳየው ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ከዚያም ማስመለስና ተቅማጥ ነው። ወባ በሰፊው በሚገኝበት አካባቢ ይህ ምልክት ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በወባ፣ ቀጥሎም በተስቦ ነው፤ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። የደም መፍሰስ፣ ብዙ ሰው የበሽታው መታወቂያ አድርጎ የሚቆጥረው ምልክት፣ በሁሉም ሕሙማን ላይ አይታይም፤ ሲታይም ዘግይቶ ነው። ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ደም የቀዳችው፣ መርፌ የወጋችው፣ የተፋውን የጠረገችው ነርስ የተጋለጠችው ከብዙ ቀናት በፊት ነው። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ከ2 እስከ 21 ቀን ሊቆይ ስለሚችልም ተጋላጭነቷ የሚታወቀው ወደ ኋላ በመቁጠር ብቻ ይሆናል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አነጋገር በዚህ አግባብ ትክክለኛ ትርጉም የሚያገኘው ለእያንዳንዱ ታካሚ፣ በማንኛውም ቀን፣ በሚደረጉ መደበኛ ጥንቃቄዎች ነው፤ ታካሚን ከመንካት በፊትና በኋላ እጅን ማጽዳት፣ የሰውነት ፈሳሽ ሲነካ ጓንት ማድረግና ከታካሚ ወደ ታካሚ መቀየር፣ የተጠቀሙበትን መርፌ ወዲያውኑ በማስወገጃ ሣጥን መጣል፣ የሚያስለውን ሰው አፉን ማሸፈንና ከሌሎች ማራቅ። ከእነዚህ መካከል ለየትኛውም የበሽታው ስም አያስፈልግም። ሁሉም ግን ውኃ፣ ጓንት፣ ቦታና በቂ የሰው ኃይል ይፈልጋሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ አንዲት ነርስ በሌሊት ተረኝነት ብዙ አልጋዎችን ብቻዋን በምትከታተልበት ክፍል፣ «የእጅ ንጽሕና አመለካከት» መለካት ነርሷን በማታዝበት ነገር መጠየቅ ሊሆን ይችላል። ጥንቃቄ አለመደረጉን ከነርሷ ቸልተኝነት ጋር ለማያያዝ መጀመሪያ የቧንቧውን ውኃና የጓንቱን ካርቶን ማየት ያስፈልጋል።

ለአገራችን ሆስፒታሎች የተለዩ ሁለት ጉዳዮችም አሉ። የመጀመሪያው በር ላይ ያለው ነው። ታካሚው ነርስ ከማግኘቱ በፊት የጥበቃ ሠራተኛውን ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም ካርድ ክፍል ይሰለፋል። የኮቪድ-19 የመጀመሪያው በሽተኛ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ በብዙ ተቋማት በር ላይ ሙቀት የሚለካውን መሣሪያ ይዞ የሚቆመው የጥበቃ ሠራተኛው ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ልየታ በነርስ እጅ ካልሆነ፣ የነርሷ ዕውቀት ምንም ያህል ቢልቅ፣ ተላላፊ በሽታ የያዘው ሰው በሰልፍ መካከል የሚያሳልፈው ጊዜ አይቀንስም። ሁለተኛው ጉዳይ አስታማሚ ነው። በአልጋው አጠገብ ሆኖ የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው፣ የሚያነሣው፣ ሌሊት በወለሉ ላይ የሚተኛው የቤተሰብ አባል ከነርሷ ይልቅ ለሰውነት ፈሳሽ የቀረበ ነው። አስታማሚውን እጁን የት እንደሚታጠብ፣ ምን እንዳይነካ፣ ልብሱን ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ማነው? በተግባር ይህን የምትሠራው ነርሷ ናት። ከውጭ አገር ተተርጉመው በሚሠራባቸው የዝግጁነት መጠይቆች ውስጥ ግን አስታማሚ የሚባል ሰው የለም፤ መጠይቆቹ የተዘጋጁት አስታማሚ በሌለበት ሆስፒታል ነውና።

ይሉኝታም በዚህ ውስጥ ቦታ አለው። ወጣት ነርስ የሐኪሙን ግምት ተቃውማ «ይህ ታካሚ ለብቻው ቢሆን» ለማለት የሚያስፈልጋት ድፍረት ቀላል አይደለም። ትክክል ካልሆነች ሽብር ነዢ ትባላለች፤ ትክክል ከሆነች ግን ብዙ ጊዜ ማንም አያውቅም፤ ያልተስፋፋ በሽታ አይታይምና። የቶሮንቶ ነርሶች ልምድ የሚያሳየው ችግሩ የእኛ ባህል ብቻ አለመሆኑን ነው። ልዩነት የሚያመጣው ነርሷ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ታካሚን ለይታ ማቆየት የምትችልበት የጽሑፍ ሥልጣን መኖሩ ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን ባለበት ክፍል ውሳኔው የግል ድፍረት መሆኑ ቀርቶ የዕለት ሥራ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይለካ?

ከመጠይቅ የተሻለ መለኪያ ይቻላል። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 የተደረገው ጥናት ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። የኩፍኝ ወይም የመርስ በሽተኛ መስለው የሚቀርቡ ሰዎች ሠራተኞቹ ሳያውቁ ወደ 49 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍሎች ተላኩ፤ በድምሩ 95 ሙከራዎች ተደረጉ። ከሙከራዎቹ በ78 በመቶው «በሽተኛው» ጭንብል ተሰጥቶት ተለይቶ እንዲቆይ ተደርጓል። አስደናቂው ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ የጉዞ ታሪክ በተጠየቀባቸው ሙከራዎች 88 በመቶው ወደ ትክክለኛው እርምጃ ሲያመሩ፣ ባልተጠየቀባቸው ግን 21 በመቶው ብቻ ናቸው። እጅን ማጽዳት የታየው ደግሞ በ36 በመቶው ብቻ ነበር። እነዚህ ነርሶችና ሐኪሞች በመጠይቅ ቢጠየቁ ስለ እጅ ንጽሕና ምን ብለው እንደሚመልሱ መገመት አያዳግትም።

ይህን ዘዴ ለኢትዮጵያ ሁኔታ ማስማማት ከአንድ የማስተርስ ጥናት አቅም በላይ አይደለም። የጉዞ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ዋሻ ወይም የማዕድን ጉድጓድ መግባት፣ የታመመ ሰው ማስታመም፣ ቀብር ላይ አስከሬን መንካት የመሳሰሉ ጥያቄዎች መጠየቃቸው ይመዘገባል። ታካሚው ከበሩ እስከ መጀመሪያዋ ነርስ፣ ከነርሷም እስከ መለየት የፈጀው ደቂቃ በሰዓት ይቆጠራል። የጓንት፣ የሳሙናና የውኃ መኖር በዚያው ዕለት በዓይን ይታያል። የተረኝነት ርክክብ መዝገብ ተገልጦም ያለፈው ወር ያልተለመዱ የትኩሳት ክምችቶች መመዝገባቸው፣ ተመዝግበውም ከሆነ ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው መድረሳቸው ይፈተሻል። መጠይቁም ቢሆን አይጣልም፤ የሚለካው ግን ነርሷ አውቃለሁ የምትለውን መሆኑ በግልጽ ይነገራል፤ «ተግባር» የሚለው ስም ለራስ ምስክርነት አይሰጥም።

እንዲህ ያለው ጥናት የራሱ የሥነ ምግባር ጥያቄዎች አሉት። አስመሳዩ ታካሚ በተጨናነቀ ክፍል የእውነተኛ ሕመምተኛን ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ የሆስፒታሉ አመራር አስቀድሞ ማወቅና መፍቀድ፣ ክፍሉ ከአቅም በላይ ሲሆን ሙከራውን የሚያቋርጥ ሰው በቦታው መኖር፣ ከመርፌና ከደም ናሙና በፊት ማንነቱ መገለጥ አለበት። ከሁሉ በላይ ውጤቱ የሚቀርበው በክፍልና በተቋም ደረጃ እንጂ በነርስ ስም አይደለም። በስም ከቀረበ ለቅጣት ይውላል፤ ቅጣት ያየች ነርስም በሚቀጥለው ጊዜ የተጠራጠረችውን ነገር ለራሷ ትይዘዋለች፤ ጥናቱም ሊለካው የተነሣውን ነገር ራሱ ያበላሸዋል።